ፍልሰታ ይውጣ

ዝናሽ ዕድሜዋን የምታውቀው ከእጇ በወጡት ሥራዎች ነው።

ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ ኮረዳ ሳለች ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥታ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ላም ታልባለች። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አህያዋን ባቄላ ጭና ሊማሊሞን ትወርድና ዛሪማ ገበያ ውላ አድራ በማግሥቱ በርበሬ ይዛ ትመለሳለች። ጎንደር ስትዳር መፍጨቱን ወፍጮ ቤት፣ መቅዳቱን ቧንቧ ተረከባት። ልጅ አሳደገች። ልጁ ሲያድግ ጥጥ መፍተል ጀመረች፤ ፈትሏን የሚያውቁ ሴቶች ከጠዳ ድረስ እየመጡ ይገዟት ነበር። በስድሳ ዓመቷ ዓይኗ ሲደክም እንዝርቱም ቀረ። ባሏ ሲሞት ልጇ ስማቸው አዘዞ ወዳለው ቤቱ አመጣትና ጓዳውም ቀረ።

የልጇ ሚስት ሕይወት ክፉ ሰው አይደለችም። «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ» ነው ቃሏ። አንድ ቀን ዝናሽ ቢያንስ ምስር ልልቀም ብላ ብትጠይቃት ሕይወት ሳቀች።

«የታሸገ ነው እኮ እማማ፤ ተለቅሞ ነው የሚመጣው።»

የቀራት ሥራ ሁለት ብቻ ሆነ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ በወር አንድ ቀን ደግሞ የግፊት መድኃኒቷን ለመቀበል ጤና ጣቢያ ትሰለፋለች። ስማቸው ሌላ ሦስተኛ ሥራ አስቦላት ነበር። በሰበካ ጉባኤው ውስጥ የሚከበር ሰው ነውና እናቱ እንደ ሌሎቹ ባልቴቶች ቆብ ደፍታ ብትመነኩስለት ይወዳል። «ለነፍስሽ ነው» ይላታል። እሷም ዝም ትላለች። ዝም ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተዋት ነገር ነው።

በኅዳር ወር ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ነርሷ ብቅ ብላ ተጣራች።

«ዋኘው አዳነ!»

ማንም አልተነሣም።

«ዋኘው አዳነ አልመጡም?»

ዝናሽ ዞር አለች። ያን ስም ከሰማች አርባ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከአጠገቧ ጋቢ የደረበ፣ ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነበለ ረጅም ሽማግሌ ተቀምጧል። ፊቱን አላወቀችውም። እጁን ግን አየችው፤ የግራ እጁ አውራ ጣት ከጫፉ ተቆርጧል። ማጭድ እንደቆረጠው ራሱ ነግሯታል፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ትከሻውን ነካችው። «አንተን ነው የምትጠራህ።»

«እኔን?» አለና ዞረ። ሊነሣ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሽበቷን፣ ዓይኗን፣ ከንፈሯን አየ።

«ዝናሽ?»

ከልጇ አፍ «እማ»፣ ከሰፈሩ አፍ «እማማ» ከሆነች ቆይታለች። በስሟ ሲጠራት እንደ ልጃገረድ አንገቷን ደፋች።

«ሂድ ግባ፤ ተራህ ያልፍብሃል» አለችው።

ሲወጣ ቆማ እየጠበቀችው ነበር። ተያይዘው በእግራቸው ሄዱ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጁ እስከዳር «ብቻህን አትኖርም» ብላ ከደጋው አምጥታዋለች። ቤቷ ከስማቸው ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ነገራት፤ ግን ሁለቱም የሚያስቡት የሊማሊሞን ቁልቁለት ነበር። የአህያዋ ጭነት የተንሸራተተበትን መታጠፊያ፣ እሱ ከኋላ ደርሶ ጭነቱን አቃንቶ «ሂጂ፣ እኔ ከኋላ አለሁ» ያላትን ቀን። አንድ ዓመት ሙሉ በየገበያው ከኋላዋ ነበር። አዝመራ ሲገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ቃል ገብቶላት ነበር።

«ምነው ያኔ ቀረህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ቀረህ?» ዋኘው ቆመ። «ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ቀረህ ትይኛለሽ?»

«መቼ?»

«በኅዳር ሚካኤል ሰሞን። አባትሽ 'በአምስት ቤት ዘመዳችን ነው' ብለው መለሷቸው። እናቴ ሁለት ቀን ሄዳ ዘር አስቆጠረች፤ ዝምድና የሚባል የለም። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አንቺ ለጎንደሩ ጸሐፊ ተድረሻል።»

ዝናሽ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በዚያ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን እናቷ «አክስትሽ ታማለች፤ ሂጂ አስታሚያት» ብላ ዳባት ልካት ነበር። አክስቷ ደህና ሆና ስታገኛት ገርሟት ነበር። እስከዛሬ ሲገርማት ኖሯል።

«እኔ እኮ ረግሜሃለሁ» አለችው።

«ደርሶኛል» አለና ሳቀ። ጥርሶቹ ጥቂት ነበሩ። ሳቁ ግን የያኔው ነው፤ ዝናሽ እያለቀሰች ሳቀች።

*

ዋኘው ከተማ አልሆነለትም። አሁንም በዶሮ ጩኸት ይነሣል። ተነሥቶ ግን የሚጠምደው በሬ የለም፤ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንጋቱን ይጠብቃል። «ከተማ ሽማግሌን ቁጭ በል ይለዋል» አላት አንድ ቀን። «ቁጭ ያለ በሬ ደግሞ ለቢላዋ ነው።»

ከእስከዳር ቤት ጓሮ ቆሻሻ የሚጣልበት ጥግ ነበር። ያን ጠርጎ ቆፈረው። ዝናሽ የጎመንና የነጭ ሽንኩርት ዘር ይዛ መጣች። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትገባለች። እሱ ይኮተኩታል፤ እሷ በጀሪካን ውኃ ታጠጣለች። ሥራው ሲያልቅ እጁን ታስታጥበዋለች። ውኃውን በቀጭኑ ነው የምታፈስለት፤ ቶሎ እንዳያልቅ። እሱም አይቸኩልም። አንድ አንዴ እጁ ታጥቦ ካበቃ በኋላም ውኃው ሲወርድ ሁለቱም ዝም ብለው ያያሉ።

«ተጨማደድሁ አይደል?» ትለዋለች።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አላይም» ይላታል። እሷም ውሸቱን ትወድለታለች።

የሚያነክሰው እግሯ ማነከሱን ተወ። ራት በላች። ሕይወት «እማማ አምሮብዎታል» አለቻት። ጎረቤት ግን ሌላ ነገር ይል ጀመር፤ ወሬውም ሰበካ ጉባኤው ድረስ ሄደ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጎመኑን ባጠበው ቀን፣ ዋኘው ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ እሷ ዞረ።

«ዝናሽ፣ እንቁረብ።»

ቃሉ ገብቷታል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በቁርባን ይጋባሉ፤ ድግስ የለ፣ ጥሎሽ የለ። ነጭ ለብሶ አብሮ መቀበል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው ሞት ብቻ ነው። ባልቴት ቆብ ከደፋች ግን ይህ ሁሉ የለም።

«ልጄስ?» አለች።

«እኔ አንቺን ነው የጠየቅሁ።»

ማታ ለስማቸው ልትነግረው ሞከረች። ገና ከአፏ ሳይወጣ ቀደማት። «እማ፣ ሰው እየሳቀብን ነው። ቆብ መድፊያሽ ደርሶ ከሽማግሌ ጋር ጎመን መትከል ምን ይባላል? ለንስሐ አባትሽ ነግሬያለሁ፤ አዲስ ዓመት እንዳለፈ ትመነኩሻለሽ።»

ዝናሽ እንደ ልማዷ ዝም አለች። በማግሥቱ ዋኘውን «ፍልሰታ ይውጣ» አለችው። «ጾሙ ይለፍና ቁርጡን እነግርሃለሁ።»

ዋኘው መሬቱን አየ። «ሸጋ» አለ። እንዲያ ያለ ሸጋ ሰምታ አታውቅም። «እስከዚያ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም። የዚህ ቄስ ከደብርህ ወረቀት ካላመጣህ አላቆርብህም ብሎኛል። ሐምሌ ላይ ወጥቼ አጽፌ እመጣለሁ።»

«በክረምት? መንገዱም እኮ ደህና አይደለም ይላሉ።»

«በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ።»

«መድኃኒትህስ?»

«የአንድ ወር አለኝ። እናቴ እንኳ እንዲህ አትጠይቀኝም ነበር» ብሎ ሳቀባት።

በሄደበት ቀን እስከ መኪናው አልሸኘችውም። ሰው ያያል ብላ ከመንገዱ ጥግ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆማ አየችው። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት እየፈለጋት ነበር። እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

*

ሐምሌ ሳያልቅ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። እስከዳር በቀን አሥር ጊዜ ትደውላለች፤ «ማግኘት አይችሉም» ከምትለው ሴት ድምፅ በቀር የሚያነሣ የለም። ዝናሽ ጠዋት ጠዋት ጓሮው እየገባች በዝናቡ ውስጥ አረሙን ብቻዋን ትነቅላለች። ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ ወጣ።

በጳጉሜን ሦስት ከሰዓት ስማቸው ቆቡን ገዝቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አልደፋም» አለች ዝናሽ።

«እማ፣ ቀን ተቆርጧል እኮ።»

«ንስሐ አባቴን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ለሰው የምሰጠው ቃል አለኝ።»

«ለማን? ለዚያ ጎመን ተካይ?»

«ስሙ ዋኘው ነው።» «አባቴ ሲድረኝ አልጠየቀኝም። አባትህም ሲያገባኝ አልጠየቀኝም፤ እግዜር ነፍሱን ይማር። አንተም ከቤቴ አውጥተህ ስታመጣኝ አልጠየቅኸኝም። የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ አንተን ፈርቼ ቆይ አልሁት።»

ሕይወት ብድግ ብላ ቆቡን ከጠረጴዛው አነሣችና ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ዝናሽ ያን ቀን የተሰማት ቀላልነት ልክ አልነበረውም። አሁን የሚቀረው መንገዱ ተከፍቶ ለዋኘው መንገር ብቻ ነው። ምን ብላ እንደምትነግረው ጓሮው ውስጥ ለብቻዋ ትለማመድ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው በጥቅምት ነው። የዋኘው የወንድም ልጅ ሙሉሰው ከደጋው መጣ፤ ብቻውን። ዝናሽ ወደ ጓሮው ስትገባ እስከዳርን ጥቁር ለብሳ አገኘቻት።

ሙሉሰው እንደነገራቸው፣ ዋኘው ወረቀቱን ያጻፈው በደረሰ በአምስተኛው ቀን ነበር። ሊመለስ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። መድኃኒቱ በነሐሴ መጀመሪያ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማግኛ አልነበረም። ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ የሙሉሰውን ገብስ ሲያርም ውሎ፣ እማሳው ዳር ጎኑን ሊያሳርፍ ተኛ፤ አልተነሣም። ቀበሩት።

ዝናሽ ቀኑን በልቧ ቆጠረች። ቆቡን እምቢ ያለችው ጳጉሜን ሦስት ነበር።

እስከዳር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠቻት። ዝናሽ ፊደል አታውቅምና «አንብቢልኝ» አለቻት። እስከዳር ድምፅዋን እያጠራች አነበበችላት። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ አቶ ዋኘው አዳነ ሚስታቸው ያረፉባቸው ምእመን መሆናቸውንና ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር በቅዱስ ቁርባን ለመጋባት የሚያግዳቸው አንዳች ነገር አለመኖሩን ጽፈዋል። ማኅተሙም አለበት።

በማግሥቱ ድንኳን ተተከለ። ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል ከዳር ተቀመጠች። ዘመድ በዘመድነቱ፣ ጎረቤት በጎረቤትነቱ ያለቅሳል። እሷ በምኗ ታልቅስ? አፏን በነጠላዋ ይዛ እንባዋን ትውጥ ነበር። አጠገቧ የነበረች እንግዳ ሴት ጠጋ አለቻት።

«እማማ፣ ምንዎ ናቸው?»

«ሚስቱ ልሆን ነበር» አለች ዝናሽ።

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ቃሏ እስከ ወንዶቹ ረድፍ ደረሰ፤ ለልቅሶ ደራሽነት መጥቶ የነበረው ስማቸው ቀና ብሎ አያትና ተመልሶ አቀረቀረ። እንግዳዋ ሴት ምን እንደሚባል ጨነቃት። ከዚያ ለዘመድ የሚባለውን አለቻት።

«እግዜር ያጥናዎ።»

ማታ እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ደጁ ጋ ሲደርሱ ስማቸው ኪሱን ዳበሰ።

«በሰው ፊት እንዲያ ማለት ነበረብሽ?» አለ ቁልፉን እየፈለገ።

«ለብቻህ ስነግርህ አልሰማኸኝም።»

በሩን ከፈተላት። ዝናሽ አልገባችም። ደጁ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያያት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ቀን ሙሉ የዋጠችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ዋኘው!» እያለች ጮኸች። «ዋኘዬ! ቆይ ያልሁህ እኔ! እኔ!»

የጎረቤቶቹ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ስማቸው መዝጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ሊያስገባት ጎንበስ አለ፣ እጁን ሰበሰበ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። እሷ አላየችውም። ስሙን መጥራቷን ቀጠለች።