ስክሪኑ እምቢ ያለ ቀን

አቶ ልሳነወርቅ ቅዳሜን የሚወዱት ለልጃቸው ለትርሲት ሲሉ ነው። ትርሲት ከአሰላ ርቃ፣ በደቡብ ቆላ፣ የጉድጓድ ውሃ የሚያስቆፍር መሥሪያ ቤት ውስጥ መሐንዲስ ናት፤ ሳምንቱን ከመኪና መኪና ስትንገላታ ከርማ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በኮምፒዩተር ትደውልላቸዋለች። እሳቸውም ከጠዋት ጀምረው ለዚያች ሰዓት ይሰናዳሉ፤ ጢማቸውን ይላጫሉ፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ኮታቸውን ደርበው በሥራ ዘመናቸው ካርታ ይነድፉበት ከነበረው ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ይሰየማሉ። እህታቸው አስካለ «ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይኳኳልም» እያለች ትስቅባቸዋለች። አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራቸው ነው የምትኖረው፤ የእሳቸውም ሚስት ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ለሁለቱም በዚህ ዓለም የቀረቻቸው ልጅ ትርሲት ብቻ ናት።

የዚያን ቅዳሜ ግን ሥራ ነበረባቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በስልክ መስታወት ላይ የልጃቸውን ፊት መለየት አልቻሉም፤ ትልቁ ስክሪንም ቢሆን ኮምፒዩተሩ ስላረጀ ፊቷን እየቆራረጠ፣ አንዳንዴም አፏን ከአገጯ እየለየ ነበር የሚያሳያቸው። ይህን ያወቀችው ትርሲት ምስሉን የሚያጠራ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገጠም አዲስ ካርድ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችላቸው፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ከየት ተፈትቶ የት እንደሚገባ በስልክ አስረዳቻቸውና «ቅዳሜ ሽፋሽፍቴን ሳይቀር ትቆጥራለህ» አለቻቸው። የዓይን ሐኪሙ ከመጪው ክረምት በኋላ ምን ያህል ብርሃን እንደሚቀራቸው አላረጋገጠላቸውም ነበር። ከመጨለሙ በፊት የልጃቸውን ፊት አንድ ጊዜ አጥርተው አይተው በልባቸው ማስቀመጥ፣ የሚፈልጉት ይህን ብቻ ነበር።

ጠዋት የኮምፒዩተሩን ጎን ፈተው ካርዱን በቦታው አስገቡ፣ ቀጭ ሲል ሰሙ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ገመዶቹን እንደነበሩ መልሰው ሰኩና አበሩት። ማራገቢያው ዞረ። ከፊት ያለችው ትንሽ መብራት በራች። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚያሰማት የተለመደች ዜማም ከድምፅ ማጉያው ወጣች። ስክሪኑ ግን ምልክት አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ ለአፍታ ብልጭ አድርጎ ጠቆረ፤ በጥቁሩ መስታወት ውስጥም የራሳቸው የደበዘዘ ፊት ተቀምጦ ያያቸው ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ እልኸኛ ናቸው። ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ካርታ ሦስት ቀን ይዘው አለቆቻቸውን ሲያናድዱ የኖሩ፣ ግን መስመራቸው ተሳስቶ የማያውቅ ነዳፊ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት የእሳቸው ጸሎት ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒዩተሩን አጠፉት። ካርዱን ነቅለው እፍ ብለው መለሱት። ሚሞሪ የሚባሉትን ቀጫጭን ሰሌዳዎች አውጥተው የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዛቸውን በነጩ የንድፍ ላጲሳቸው በዝግታ ፈተጉት፣ ፍርፋሪውን በጣታቸው ጠረጉና መልሰው አስገቧቸው። አበሩት፤ ያው ነው። የኪቦርዱን መብራት የምታበራውን ቁልፍ ሲጫኗት መብራቷ በራች፣ ደግመው ሲጫኗት ጠፋች። ማሽኑ ነፍስ አለው፤ ይሰማል፤ ፊቱን ማሳየት ነው እምቢ ያለው።

ልጃቸውን መጠየቅ እንዳለባቸው ገባቸውና ስልካቸውን ቢፈልጉ በቦታው የለም። አስካለን ጠሩ። አስካለ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ስልኩን ቻርጅ እንዲደረግ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፣ የእኛ ሶኬት አስቸግሮ ነው አለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን እዚያው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያንሾካሹክ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ሲሏት ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለች፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሽንኩርት ሽታ አልነበረም። ስክሪኑ አልሠራ ማለቱን ሲነግሯት ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደ ያህል ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርብህ» አለች። «በሞቴ፣ ዛሬን ተወው።»

ቅር አላቸው። ልጃቸውን ለማየት እንዲህ ሲዳክሩ የገዛ እህታቸው ደስ ይበላት? ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ።

ከምሳ በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሰው መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በእግራቸው ያንን ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በልተሃል ወይ አሏቸው። እንቅልፍ እንዴት ነው አሏቸው። በየመንገዱ ባገኟቸው ቁጥር ያቺ ጎበዝ እንዴት ናት ሳይሉ የማያልፉት ጋሽ ደምሰው ያን ቀን የትርሲትን ስም አላነሱም። ሲወጡም አስካለ እስከ አጥሩ በር ተከተለቻቸውና ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ፣ ከጎረቤት ግቢ ደግሞ የብረት ዘንግ ከብረት ሲጋጭ፣ ረዣዥም አግዳሚዎች መሬት ለመሬት ሲጎተቱ ተሰማ። አቶ ልሳነወርቅ ጎረቤቶቻቸው ድግስ ኖሯቸው ሳይጠሯቸው ቀርተው ይሆናል ብለው አሰቡና ትንሽ አዘኑ።

የማሽኑን ጀርባ ሊያዩ ያጎነበሱት ያን ጊዜ ነው። ከማራገቢያው የሚወጣው አየር ሌላ ጊዜ ሞቃትና የተቃጠለ አቧራ የሚሸት ነበር፤ አሁን እጃቸውን ቢያስጠጉ የነካቸው ብርድ ነው፣ እርጥብ ብርድ፣ ከእሱም ጋር ክረምት ላይ ወንዝ ከሞላ በኋላ ዳር ዳሩን የሚቀረው የደለል ሽታ መጣባቸው። እጃቸውን መልሰው አዩት፤ ጣቶቻቸው ወርዝተዋል። ግድግዳው እርጥበት ይዞ ይሆናል አሉ ለራሳቸው፤ መስኮቱንም ጣሪያውንም ተመለከቱ፤ የውሃ ምልክት የለም። ከሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር በዝግታ ጠብ፣ ጠብ የሚል መሰላቸው፤ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ዝም አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ ጠራ።

የትርሲት ጥሪ ነበር፤ የጥሪውን ዜማ የመረጠችው እሷ ናት። ስክሪኑ እንደጠቆረ ነው። አዛውንቱ ልጃቸው «ስደውል ይህቺን ብቻ ተጫን» ብላ ቀይ ፕላስተር የለጠፈችባትን ቁልፍ በዳበሳ አግኝተው ተጫኑ። ጥሪው ቆመ። ከድምፅ ማጉያው የመጣው መጀመሪያ ነፋስ መሰላቸው፤ ኋላ ግን ውሃ መሆኑን ለዩ፣ ወፍራም፣ ድንጋይ የሚያንከባልል፣ ከሥር ሆኖ የሚሰማ የውሃ ድምፅ። «ትርሲት?» አሉ። «ትርሲቴ፣ ትሰሚኛለሽ?» ከውሃው መካከል አንዲት አጭር ትንፋሽ፣ ለመናገር አፍ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት፣ ወጣችና መስመሩ ተቋረጠ።

ኔትወርኩ ነው አሉና ዋይፋዩን አጥፍተው ሊያበሩት ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ዋይፋዩ በቦታው የለም። በአቧራው ላይ የነበረበት አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል፤ ገመዱም ከግድግዳው ተነቅሎ ተጠቅልሏል። ጓዳ ገብተው አስካለን ጠየቋት። ጠዋት ነው ያነሳሁት፣ የሚቃጠል ይሸታል ብዬ ነው፣ አለች ሳታያቸው።

«ታዲያ አሁን በምን ደወለች?»

አስካለ የያዘችው ሳህን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። «ማን?» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቀላል። «ማን ደወለች፣ ጋሼ?»

ትርሲት ናታ አሏት። አስካለ ከተሰባበረው ሳህን መካከል ቁጭ አለች፤ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። አቶ ልሳነወርቅ በሳህን እንዲህ የሚለቀስ ከሆነ ይህቺ ሴት ታማለች ብለው ፈሩ፤ ስብርባሪውን ለቅመው፣ አልጋዋ ድረስ ደግፈው ወሰዷት። ኮምፒዩተሩንም ከሶኬቱ ነቀሉና በጊዜ ተኙ።

ወፍ ሳይንጫጫ የነቁት በብርዱ ነው። ቤቱ ውስጥ ያ የደለል ሽታ ሞልቷል፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ብዙ እግር በዝግታ ሲረግጥ፣ ሰው ሳሉን አፍኖ ሲያስቀር ይሰማል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጠረጴዛው ክፍል ሲገቡ ማራገቢያው እየዞረ ነበር። አስካለ መልሳ ሰክታው ይሆናል አሉ፤ ሶኬቱን ግን ጎንበስ ብለው አላዩም። አንዳንድ ነገር ሰው ሳያየው ቢቀር ይሻላል። ወንበራቸውን ስበው በጨለማው ስክሪን ፊት ተቀመጡ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ጠራ፣ ቀዩን ፕላስተር ተጫኑ።

«አባዬ።»

እሷ ናት። አዛውንቱ እንባቸው መጣ።

«አባዬ፣ የስክሪኑን ገመድ የሰካኸው በድሮው ቀዳዳ ነው። አዲሱ ካርድ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ አለ። ወደዚያ አዙረው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከዚህ ይታየኛል።»

በጨለማ እየዳበሱ ገመዱን ነቀሉና ከታች ያለውን ቀዳዳ ፈለጉ፤ ጣታቸው ያገኘው ብረት በረዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያለፋቸው ይህቺ ሆና በራሳቸው ሳቁ፤ ካርዱ ከገባ ወዲያ ምስሉ በካርዱ በኩል እንጂ በድሮው መንገድ እንደማይወጣ ማን በነገራቸው? ገመዱን ሰኩት።

ስክሪኑ በራ። ትርሲት ፊት ለፊታቸው ነበረች፣ እንዲያ አጥርተው አይተዋት በማያውቁት ጥራት፤ ግንባሯ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ የእናቷ የሆነው የከንፈሯ ጫፍ፣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ። ጸጉሯ ረጥቦ ጉንጯ ላይ ተለጥፏል። ከኋላዋ ቤትም መብራትም አይታይም፤ የደፈረሰ፣ ቡናማ ጨለማ ብቻ ነው፣ እሱም በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ደስታቸው ግን ይህን ለመመርመር ጊዜ አልሰጣቸውም።

ዝናብ መታሽ እንዴ ቢሏት ረጥቤያለሁ አለች። አንድ የምነግርህ ነገር አለ ብላ ጀመረች፤ እሳቸው ግን ሰው ሲናገር የማያቋርጡት ሰውዬ፣ ያን ሰዓት አፋቸው አልገታ ብሎ ስለ ላጲሱ፣ ስለ ሚሞሪው፣ አክስትሽ ስለ ሳህን ስታለቅስ አመሸች እያሉ ያወሩላት ጀመር። ትርሲት ደግማ «አባዬ...» አለች። ከዚያ ተወችው። እንድታወራ ብቻ ሳይሆን እንድትስቅም ፈልገው ነበር፤ አልሳቀችም። እንደናፈቀ ሰው ብቻ ታያቸዋለች።

በስክሪኑ ጥግ፣ የራሳቸው ምስል በሚታይባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ከጀርባቸው ያለው በር ቀስ ብሎ ሲከፈት አዩ። ሰዎች ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው ለብሰዋል። አቶ ልሳነወርቅ ይህን አገባብ ያውቁታል፤ ስንቱን ጎረቤት በንጋት ቀስቅሰው፣ እንዲህ በር ላይ ቆመው መርዶ አርድተዋል። ዞሩና ለማን ነው ብለው ጠየቁ። አስካለ መቆም አቅቷት በሁለት ሰው ተይዛለች።

«ልሳነወርቅ፣ ወንድሜ፣ በርታ» አሉ ጋሽ ደምሰው፤ ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። «ትርሲት... ዓርብ ዕለት መኪናቸው ከድልድይ ወድቆ ወንዝ ገብቶ...»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቁ። ከልባቸው ነበር የሳቁት፤ የሌላ ሰው ልጅ መርዶ ተሳስቶ የእሳቸው ደጅ እንደመጣ ገባቸውና ለዚያች ለማያውቋት እናት አዘኑ። ተሳስታችኋል አሉ። ይኸው እያናገረችኝ ነው፣ እናንተው እዩዋት፣ አሉና ሁሉም እንዲያያት ወንበራቸውን ወደ ጎን አነሱ።

በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ አዩ። ማንም ዋይ አላለም፤ የአስካለ እጅ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ፤ የጋሽ ደምሰው ኮፍያ ከእጃቸው ወደቀ። ትርሲት ከስክሪኑ ውስጥ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ሽማግሌውን አየቻቸውና፣ «ጋሽ ደምሰው፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ ከትናንት ጀምሬ ሞክሬ አቅቶኛል» አለች።