ያልቀዘቀዘው የላንቴ መዝገብ

ኢንስፔክተር ዓለምጸሐይ ጭኗ ላይ በተዘረጋው የደንብ ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌውን ለሦስተኛ ጊዜ አሳልፋ ክሩን ስትስብ አንዲት ሴት ሳታንኳኳ ገባች። በፎጣ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች።

«ቁጭ በዪ፤ ክሩን ልቋጨው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቁጭ አልልም። ባዩሽ እባላለሁ፣ የዘበኛው የሽበሺ ሚስት ነኝ። በስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቡታል። አንዴ ነፍስ ገዳይ ተብሎ ከተጻፈበት ማን ያወጣልኛል?»

ዓለምጸሐይ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። ሰኞ ነው። ለሥራ ከወጣችበት ከጨንቻ ገና መመለሷ ነበር፤ መዝገቡንም ያነበበችው ዛሬ ጠዋት ነው። በአባያ ዳርቻ ያለ የአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የማሳ ምዝገባ ኃላፊ፣ አቶ ዘሚካኤል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። የገደለው ከጎን ካለው ክፍል የገባ የጄኔሬተር ጭስ ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ብሎን ላልቷል፤ ብሎኑ የተፈታበት ካቻቢቴ የተገኘው በሽበሺ የዘብ ቤት ነው።

«ሟቹ ሊያባርረው ነበር ይባላል» አለች ዓለምጸሐይ።

«ሊያባርረው ነበር። ሽበሺ ሰው መግደል ቢያምረው ግን ከእኔ ይጀምር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዝንዤዋለሁ፤ አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም።»

ኢንስፔክተሯ ኮቷን ለበሰች። «ሳህኑን ለእሱ ስጪና ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ተከተይኝ።»

ሽበሺን ያነጋገረችው ከእስር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው።

«ቅዳሜ የሰፈራችን የመብራት ፈረቃ ነው» አለ ሽበሺ። «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኩል ይጠፋል። በሰባት ሰዓት ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። የሁለት ሰዓት ቤንዚን ነው ያለው፤ ዘጠኝ ላይ ሞተ። ጌታዬ ምንም አላሉኝም። ዘጠኝ ተኩል መብራት መጣ።»

«ሰዓቱን በምን አወቅህ?»

«ናይጄሪያ ጨዋታ የጀመረች ጊዜ ነው። የዓለም ዋንጫ። ማዶ ያለው ቡና ቤት በጩኸት ተናጋ። እኔም አጥር ሥር ሄጄ ቆምኩ።»

«አንተ አጥር ሥር ስትቆም በጓሮ በኩል ሰው ቢገባ ታያለህ?»

ሽበሺ አንገቱን ደፋ። «አላይም።»

«አስከሬኑንስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልዘጋ ሄድኩ። አቧራ ይገባል ብለው ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆልፋሉ፤ በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። የተኙ መስሎኝ ‹ጌታዬ› አልኩ።»

«ስትከፍት ምን ሸተተህ?»

«ምንም።»

«ጭስ?»

«ምንም አልሸተተኝም እመቤት። እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ በጉንፋን አፍንጫቸው ተዘግቶ ነበር፤ የእኔ ግን ደኅና ነው።»

ዓለምጸሐይ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና አሰመረችበት።

የኮምፒውተር ክፍሉን ማኅተም ሳጂን ታምሩ ይጠብቅ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ለአቧራ በላስቲክ ተለጥፏል። ጄኔሬተሩ ካለበት ጓዳ ጋር የሚያገናኘውም አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጥግ ላይ የቆመው ትልቅ ኮምፒውተር ያለማቋረጥ ያጉረመርማል።

«ይኼን ማን አበራው?» አለች ዓለምጸሐይ።

«ቅዳሜ አሥራ አንድ ከሩብ ስገባም በርቶ ነበር» አለ ታምሩ። «መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል አሉኝ። አልነካነውም። አሽገን ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ መብራት አልጠፋም፣ ሰውም አልገባም።»

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው። የሟቹ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል፤ አንዱ የሽበሺ ነው። የቀሩት ሁለቱ ከአዲስ አበባ በመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ በአበጋዝና በመዝገብ ጸሐፊዋ በጽጌረዳ እጅ ናቸው።

አበጋዝ ሳይጠየቅ ጀመረ። «እኔ እጠላው ነበር፤ አልዋሽም። የዝውውር ደብዳቤዬን ስድስት ወር መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። ቅዳሜ ግን ሲቀላ በሚባለው ቡና ቤት ጣሪያ ላይ ነበርኩ።»

«ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«አንቴና እይዛለሁ! እጄን ከለቀቅኩ ምስሉ ይጠፋል። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል እንደ ስቅለት ቆሜያለሁ። አንድ ጎል እንኳ አላየሁም፤ ለመውረድ ስሞክር መቶ ሰው ይሰድበኛል። ይጠይቋቸው።»

ጽጌረዳ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ስድስት ተኩል ላይ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ የእናቴ ሙት ዓመት ነበር።»

«ነፍስ ይማር። አቶ ዘሚካኤል እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«አለቃ ነበር።»

ዓለምጸሐይ ከዚህ በላይ አልጠየቀቻትም። ወደ ግቢው ስትወጣ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት በር ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ የመምህር ብርሃነመስቀል ባለቤት ነኝ፤ ጽዮን። ጽጌረዳዬ ቁርስ ሳትቀምስ ነው የወጣችው፤ ይቺን ዳቦ ላቀብላት?»

«ልጅዎ ናት?»

«አሳድጌያታለሁ። ከልጅም በላይ ናት።»

«ይግቡ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምጿ አልተለወጠም።

ተመልሳ አበጋዝን ማሽኑ ፊት አስቀመጠችው። ማሳው የተሰረዘበት ሰው ቂም ሊይዝ ይችላል ብላ፣ ሟቹ በየቀበሌው ስንት ማሳ እንደሰረዘ ማወቅ ፈልጋ ነበር። ሰዓቷን ከእጇ ፈታች። «የጫኖን ቀበሌ መዝገብ አምጣልኝ።»

ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ዝርዝሩ ብቅ ሲል አራት ደቂቃ ከሰባት ሴኮንድ አልፏል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሲቀዘቅዝ እንዲህ ነው» አለ አበጋዝ። «መዝገቡ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩን እንደ መጋዘን ይቁጠሩት። ዳታቤዙ የተጠየቀውን ከመጋዘን ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛው ሜሞሪው ነው፣ ስልሳ አራት ሜጋባይት። ከሱ አብዛኛውን ዳታቤዙ ለራሱ ይይዘዋል። አንዴ ያወጣውን ቦታ እስኪጠበው ድረስ አይመልሰውም። ስለዚህ ሁለተኛ ሲጠየቅ ወዲያው ያመጣል።»

«የአባያ ዳርቻን ቀበሌ።»

እንደገና ቀጭ ቀጭ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ።

«ላንቴን።»

አበጋዝ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞላው። ቀይዋ መብራት አልበራችም። ቀስ ብሎ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«ምን ሆንክ?»

«ላንቴ… ጠረጴዛው ላይ ነበረች።»

«ደግመህ እንዳትነካው» አለች። «ታምሩ፣ ደቂቃዎቹን ጻፋቸው፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። አሁን ከላንቴ የተሰረዙትን ብቻ በወረቀት አውጣልኝ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም በኮምፒውተር ክፍሉ ተሰበሰቡ። ሽበሺ ካቴና እንዳጠለቀ፣ ባዩሽ ከጎኑ፣ አበጋዝ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጽጌረዳ በዕለት ተዕለት ወንበሯ ላይ። ወይዘሮ ጽዮንን ታምሩ በረንዳ ላይ አስቀምጧቸዋል።

«አንድ ሰዓት አለን» አለች ዓለምጸሐይ። «ሽበሺ በሩን ሲከፍት ጭስ አልሸተተውም። ቤንዚን ያለቀው በዘጠኝ ነው፤ ክፍሉ ታሽጎ እስከ አሥራ አንድ ቢቆይ ጭሱ አፍንጫ ይበጥስ ነበር። ስለዚህ ከሽበሺ በፊት በሩን የከፈተ ሰው አለ።»

«አፍንጫው ምስክር ይሆናል?» አለች ጽጌረዳ።

«ብቻውን አይሆንም። ማሽኑ ግን ይሆናል። አበጋዝ፣ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ የነበረው መዝገብ ምን ይሆናል?»

«ባዶ ይሆናል። አንድም አይተርፍም።»

«ዘጠኝ ላይ ጄኔሬተሩ ሲሞት ጠረጴዛው ጸዳ። ዘሚካኤል ከዚያ በፊት የከፈተው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ማሽኑ ባዶውን ተነሳ። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ታምሩ አሸገው። ዛሬ ጫኖ አራት ደቂቃ ፈጀ፣ የአባያ ዳርቻ አራት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ላንቴ ግን ዓይን ሳልጨፍን መጣች። ከዘጠኝ ተኩል በኋላ፣ አስከሬኑ እዚህ ተደፍቶ ሳለ፣ አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ የላንቴን መዝገብ ከፍቷል።»

ባዩሽ በእጇ አፏን ያዘች።

«ማሽኑ አንዳንዴ ይፈጥናል» አለች ጽጌረዳ።

«ሳያወጣ አይፈጥንም» አለ አበጋዝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ። ገበሬዎቹ ሳይመጡ በየጠዋቱ መዝገቦቹን እየከፈትሽ የምታሞቂው አንቺ ነሽ።»

«በየጠዋቱ ከየት ትጀምራለች?» አለች ዓለምጸሐይ።

«ከጫኖ። አንድ ቀን ሳታዛንፍ። ማታ ማታ ማሽኑን አጥፍተን ስለምንሄድ ጠዋት ሁሉም ቀዝቅዞ ነው የምናገኘው።»

«ስለዚህ ላንቴ ብቻ የተከፈተችው ለሥራ አይደለም። ሽበሺ ማንበብ አይችልም፣ ይህን ማሽንም ነክቶት አያውቅም። አበጋዝ መቶ ሰው እያየው ጣሪያ ላይ ነበር። የዘሚካኤል ቁልፍ ከኪሱ አልወጣም።» ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ዘረጋች። «ከላንቴ የተሰረዙት ሰባት ናቸው። አራተኛዋን ላንብብ። ‹ሻሺቱ ዳና። ባለይዞታዋ በመሞቷ ማሳው ተሰርዟል፣ ጥር 1987። ያጸደቀ፣ ዘሚካኤል። ምስክር፣ ሽበሺ፣ በጣት አሻራ።› ሽበሺ፣ ይቺን ሴት ታውቃታለህ?»

ሽበሺ ፊቱ አመድ መሰለ። «አውቃታለሁ። እዚህ በር ላይ ትመጣ ነበር። ሁለት ዓመት። ‹አልሞትኩም› እያለች።»

«ሞታለች ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ።»

«ጌታዬ ‹ጣትህን እዚህ ጋ አድርግ፤ የደመወዝ ነው› አሉኝ። እንዴት ልወቅ?»

«ልጅ ነበራት?»

«አንድ ሴት ልጅ። ከተማ ለአንድ አስተማሪ ሰጥታት ነበር፤ እንድትማርላት።»

ከበረንዳው የወይዘሮ ጽዮን ሳል ተሰማ።

«ጽጌረዳ» አለች ዓለምጸሐይ፣ «ያሳደጉሽ እናትሽ ውጭ ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ሙት ዓመቷ የነበረው የማን ነው?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቷ እንዲያውም የተፈታ መሰለ።

«የሻሺቱ» አለች። «ማሳው እንደተወሰደ ነግራኝ ነበር፤ ያን ጊዜ እዚህ አልሠራም፤ የወሰደውና የሳቀባት ሹም ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከሦስት ወር በፊት የድሮዎቹን ቅጾች ወደ ማሽኑ ሳስገባ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሞተች፣ ሞተች፣ ሞተች። ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች! ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሙዟ ፍሬ ይዞ ነበር፤ ማሳውን ለአጎቱ ልጅ ሰጠው። አቤት ስትል ‹መዝገቡ ሞተሻል ይላል› ብሎ ሳቀባት። ሰው በሕይወት እያለ ሞተሻል ሲባል ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ይቀንሳል። በየቀኑ ይቀንሳል።»

«ፈረቃውን ታውቂ ነበር።»

«ፈረቃውንም፣ ጉንፋኑንም። ስድስት ተኩል ላይ ብሎኑን አላላሁት።»

«አልቆልሽ ነበር። ለምን ተመለስሽ?»

«ስሟን እያየ እንዲሞት ፈልጌ ነበር። እሱን ማድረግ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ለሬሳው አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ።» ወደ ማሽኑ ተመለከተች። «ሌሊቱ ያቀዘቅዘዋል ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የማገኘው።»

«የሚያቀዘቅዘው ሌሊቱ አይደለም» አለ አበጋዝ በዝግታ። «ስናጠፋው ነው። ቅዳሜ ማንም አላጠፋውም።»

«ካቻቢቴውንስ?» ባዩሽ ናት፤ ብድግ ብላለች። «ካቻቢቴውን የባሌ ቤት ምን አገባው?»

«ጣቱን አስቀምጧል።»

«ማንበብ አይችልም አንቺ ልጅ! ማንበብ አይችልም!»

«እናቴም አትችልም ነበር» አለች ጽጌረዳ። «እሷን ማን አዘነላት? ባይያዝልኝ ይቆጨኝ ነበር። አሁንም ሊፈታ ስለሆነ ይቆጨኛል።»

ሽበሺ በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንስቶ አውራ ጣቱን ተመለከተ። ታምሩ ካቴናውን ከሱ ፈትቶ ወደ ጽጌረዳ ሄደ። ራሷ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችለት። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ጽዮን «ልጄ፣ ዳቦው» ሲሉ ተሰማ። የጽጌረዳ እርምጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደናቀፈ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዓለምጸሐይ ቢሮዋ ተቀምጣ የመልቀቂያ ቅጹን ሞላች። የቀለም መርገጫውን ከፈተችና ወረቀቱን ለሽበሺ አዞረችለት።

ሽበሺ አውራ ጣቱን ጨብጦ ደበቀ። «ሳይነበብልኝ አልፈርምም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ነፃ ነህ እየተባልክ!» አለች ባዩሽ።

«ይነበብልኝ።»

ዓለምጸሐይ ወረቀቱን ወደ ራሷ መለሰችና ከላይኛው መስመር ጀምራ፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የራሷን ስም ሳይቀር፣ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችለት። ሽበሺ በየመስመሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ አሳረፈ። ኢንስፔክተሯ አሻራው እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ማኅተሙን መታችበትና ቅጹን ከመዝገቡ ጋር ሰፍታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።