ለመልአኩ የሰጠሁት የኮሶ መድኃኒት

እመኑኝም አትመኑኝም፣ ይህ የሆነው በገዛ ቤቴ ነው። እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ነው።

እሑድ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል፣ ሁለተኛ ፎቅ። ውጭ ፀሐይ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል ያለው ማነው?

ፀደይ እባላለሁ። ፋርማሲስት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ መልአኩ ከእኔ ጋር ይኖራል። ዛንድስፕሩት ሰፈር የነበረችው ስፓዛው፣ ትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ ከተዘረፈች በኋላ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ከረመና፣ ማንም አድራሻውን በማይናገርለት አንድ ግቢ ተቀጠረ።

እዚያ ፐርለሞን ይደርቃል። የባሕር ቀንድ አውጣ በሉት፤ መዳፍ የሚያህል ሥጋ አለው፤ ሲስቡት ዓለቱ ላይ ይባስ ይጣበቃል፤ የሚተነፍሰው ዛጎሉ ላይ በተሰለፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ጠላቂዎች ከኬፕ ባሕር በስርቆት ያወጡታል፤ በበረዶ ታሽጎ እኛ ከተማ ይመጣል፤ ተቀቅሎና ደርቆ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ይሄዳል። ሕገ ወጥ ነው ተው ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።

የፋሲካ ዕለት አሠሪው በሩን በሠራተኞቹ ላይ ከውጭ ቆልፎ ሄደ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው... ዶሮ የለ፣ ሥጋ የለ። መልአኩ ምን አደረገ? አንዱን ፐርለሞን ከበረዶው አወጣና እንደ ቁርጥ ቆራርጦ በሚጥሚጣ በላው። ጥሬውን። የሐበሻ ነገር!

"የሞተ መስሎኝ ነበር" አለኝ በኋላ። "ሲወርድ ግን ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ... ከዚያ ለቀቀኝ።"

ሳቅሁበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆዱን ያመው ጀመር። ኮሶ ነው አልኩት። ጥሬ የበላ ሰው ሌላ ምን ይይዘዋል? ሐኪም ቤት ልወስደው ይገባ ነበር። እሱ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት ይፈራል፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ ባይ ነኝ።

ግን ትንንሽ ነገሮች ነበሩ...

የሚጠጣው ውሃ ላይ ጨው ይጨምራል። በማንኪያ።

ብርጭቆ ሲያነሳ ጣቶቹን አያጥፍም። ብርጭቆው መዳፉ ላይ ተጣብቆ ነው የሚነሳው።

ደግሞ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልቶ መተኛት አመጣ። ፈቃድ ወስጄ ቤት ስለነበርኩ ሰዓቱን አየሁ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ዓርብ ሦስት ከሃያ። ቅዳሜ አራት ከአሥር።

በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ...

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሞን ስለ ሥራ ደወለልኝ። ባልደረባዬ ነው፤ ኬፕ ታውን ውስጥ ከባሕሩ አጠገብ ያደገ። ሰዓቶቹን እንደ ቀልድ ነገርኩት። ባሕሩም ሞልቶ የሚመጣው እንዲሁ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ነው አለኝ። ጆበርግ ውስጥ ምን ባሕር አለ ብዬ ቀለድኩ። እሱም ሳቀ።

ስልኩን ዘግቼ ሰዓቶቹን በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩ።

እሑድ ጠዋት የኮሶ መድኃኒቱን አስዋጥኩት። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቆለፈ። ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ...

"መሌ... ወጣልህ?"

"አልወጣም።" በሹክሹክታ ነው። "ተቆጣ።"

"ምኑ?"

"መድኃኒቱ ሲደርሰው ጠበቀብኝ፣ ፀዲዬ... ውስጤን ይዞኛል። መተንፈስ አቃተኝ።"

በሩን በትከሻዬ ደጋግሜ መታሁት። መቀርቀሪያው ተነቀለ።

መልአኩ ከነቲሸርቱ ገንዳው ውስጥ በደረቱ ተኝቷል። ከውሃው በላይ የሚታየው ጀርባውና ወደ ጎን የዞረው ፊቱ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ክንዱን ይዤ ሳብኩት። አልተነቃነቀም። በሁለት እጄ ሳብኩት... ይባስ ተጣበቀ።

"አምቡላንስ ልጥራ።"

"አይደርስም... ጨው" አለኝ። "ጨው ብቻ፣ እባክሽ።"

ወንድሜ ዓይኔ እያየ እየሞተብኝ ነበር። ያ ነገር ከኖረ እሱም ይኖራል፤ የገባኝ ይህ ብቻ ነው። የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ከኩሽና ሁለት ኪሎ ጨው አምጥቼ ገንዳው ውስጥ ዘረገፍኩት።

ወዲያው ትከሻው ላላ። ከንፈሩ ቀላ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለና ዓይኑን ጨፈነ። ከደስታዬ ብዛት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ፊቱ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ገባ። አፉም፣ አፍንጫውም...

ልይዘው ተንደርድሬ ተነሳሁ። ግን ምንም አልተጨነቀም። አንድም አረፋ አልወጣም። ጀርባው ላይ ግን ቲሸርቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ገለጥኩት።

ከግራ ትከሻው እስከ ወገቡ አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። ደም የላቸውም። ውሃ ያስገባሉ... ውሃ ያስወጣሉ...

ከመሃለኛው ቀዳዳ ክር የሚያህል ጥቁር ነገር ብቅ አለ። አየሩን ዳሰሰ። ከዚያ እጄን አገኘው።

እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። ብሰበስብ ወንድሜን እንደገና ያንቀዋል ብዬ ፈራሁ፤ አልሰበሰብኩም።