ወደ ስፌቱ የሚያዩ ዓይኖች

በዚያ ሳምንት ታመው ወደ ይመር ጠረጴዛ የመጡት ሽፋኖች አራት ነበሩ። በአንደኛው ላይ የተዋናይቱ አንገት ረዝሞ ረዝሞ ከገጹ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ቅጂውን የገዛው ባለትዳር ሰውዬ አንገቷን አብዝቶ ስላየው ነው። በሁለተኛው ላይ የኮሜዲያኑ ጥርስ ተቆጥሮ አያልቅም። በሦስተኛው ላይ ክፉው ገጸ ባሕርይ ከመሪ ተዋናዩ ግራ ትከሻ ኋላ ወጥቶ መሀል ላይ ተኮፍሷል። እንዲህ ያለውን ይመር ከምሳ በፊት አክሞ ይጨርሰዋል።

ኮምቦልቻ በምትታተመው «ሸራ» የፊልም መጽሔት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሽፋን ሠርቷል። ድሮ ሽፋን አንዴ ከታተመ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ሕያው ቀለም ከመጣ ወዲህ ግን፣ ማለትም የአንባቢውን ዓይን እየተከተለ ብዙ የታየውን የሚያጎላ፣ ያልታየውን የሚያደበዝዝ ቀለም ከመጣ ወዲህ፣ ሽፋን ሁሉ በየገባበት ቤት የራሱን ጠባይ ያወጣል። ይባስ ብሎ የተማረውን ለጎረቤት ሽፋን ይነግራል። ለዚህ ነው አራሚ ያስፈለገችው። አራሚ መዳፍ የምታህል፣ የሽፋን ደንብ የምታስከብር መሣሪያ ናት።

ደንቡን ያስተማራት ይመር ራሱ ነው። የመሪ ተዋናዩ ራስ ከመጽሔቱ ስም አንዱን ፊደል ይሸፍናል፤ ካልሸፈነ ገና ዝነኛ አልሆነም ማለት ነው። አንባቢውን ቀጥ ብሎ የሚያየው አንድ ጥንድ ዓይን ብቻ ነው። አጃቢ፣ ማለትም ትዕይንቱን ለመሙላት ከኋላ የሚቆም ሰው፣ ይደበዝዛል። የሞተ ተዋናይ ለመታሰቢያ ሲወጣ ደግሞ ዓይኑ ወደ ስፌቱ፣ መጽሔቱ ወደተሰፋበት ግራ ጠርዝ፣ ይዞራል። ይህንን ይመር ከመምህሩ ነው የወረሰው። «ሙት ገዢን አያይም» ይሉ ነበር መምህሩ። ይመርም ታዲያ ምንን ያያል ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም።

አራተኛው ሽፋን የዘጠኝ ዓመት አሮጌ ነበር፤ የአንድ የሠርግ ፊልም። መሪ ተዋናዩ ከቦታው የለም። በሱ ፋንታ ሽፋኑን ሙሉ የያዘችው ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ማንም የማያውቃት ልጅ ናት። ራሷ የመጽሔቱን ስም ሁለቱንም ፊደላት ሸፍኗል፤ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ይመርን ያያሉ።

«በከተማው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቅጂ ላይ ወጥታለች» አለው ዋና አዘጋጁ። «መሪ ተዋናዩ ስልኬን አላሳርፍ ብሏል። የተነሳችበትን ቅጂ ፈልግና እዚያው አጥፋት።»

ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለው ተረት ለይመር የተተረተ ይመስላል፤ ታዘዘ፣ ሄደ። አራሚዋ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለ ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ መራችው። በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። መጽሔቱ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ አንድ ወንበር አለ፤ የወንበሩ እግር ምንጣፉን አጎድጉዶታል።

ይመር ገና ቦርሳውን ሳያወርድ፣ በእጁ የያዛትን አራሚ አይተው «ሊያጠፏት ነው የመጡት?» አሉት።

«ብልሽት አለ ተብሎ ነው፣ እትዬ።»

«ብልሽትስ አይደለችም። ልጄ ናት። አዝመራ ትባላለች።»

ቁጭ ይበሉ ሳይሉት ነገሩት። አዝመራ በሃያ ሁለት ዓመቷ ለአንድ ቀን የሠርግ ታዳሚ ሆና ለመቆም ተቀጠረች። በዓመቱ አፋር ወርዳ ለመብራት ኃይል የሚሆን የእንፋሎት ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ገባች። ጉድጓዱ አሥራ አንድ ሰው ይዞ ተደረመሰ። አንዱም አልወጣም። ከዚያ ደግሞ የከተማው ሰው ፎቶውን ሁሉ ያስቀምጥበት የነበረው የምስል ጎተራ ተቃጠለና የልጅነቷም፣ የምርቃቷም ፎቶ አብሮ ሄደ።

«ይቺ ብቻ ቀረችኝ። የምስር ፍሬ ነበር የምታህለው፣ ፊት የላትም። በሻሿ ነው ያወቅኋት፤ እኔ ነኝ የዘመዘምኩላት። በየጠዋቱ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳያት፣ ሳያት፣ ቀስ እያለች መጣች።»

ይመር ሻሹን አሁን አስታወሰው። የዚያን ዕለት ከተነሱት ፎቶዎች ሁሉ አንዱ ብቻ ነበር የመሪ ተዋናዩ ራስ ልክ የሆነበት። በዚያው ፎቶ ላይ ግን አጃቢዎቹ ሁሉ ሙሽራይቱን ሲያዩ አንዲቷ ወደ ካሜራው ዞራለች። ሁለት ጥንድ ዓይን ሆነ። ደንብ ደንብ ነው፤ በገዛ እጁ አደበዘዛት። ሥራው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ታዲያ ይህች ከየት መጣች? የጠፋውን ቀለሙ ሊመልሰው አይችልም። አራሚዋን ሽፋኑ ላይ አድርጎ የጎደለው በምን እንደተሞላ ጠየቃት።

«በተመልካቿ የገዛ ፊት» አለች አራሚዋ።

ይመር ሽፋኑን አየ፤ ከዚያ ወይዘሮ ብርቄን አየ። ግንባሩ፣ የአፍንጫው አወራረድ፣ የቅንድቡ ቅጥነት። መሣሪያዋ ጮክ ብላ ባትናገር ምን ነበረበት!

«የማን ፊት ነው ያለችው?» አሉት።

መዋሸት ይችል ነበር። «እትዬ፣ ይህ የአዝመራ ፊት አይደለም። ፎቶው ላይ ፊት አልነበረም። ስምንት ዓመት ሲያዩት ቀለሙ የእርስዎን ፊት ወስዶ ነው የሠራት።»

ወይዘሮ ብርቄ ወደ ሽፋኑ ጠጋ አሉ። ጣታቸው የራሳቸውን ጉንጭ ነካ።

«ድሮስ ከማን ወጥታ ነው?» አሉ።

ይመር አንድ መላ ይኖር እንደሆን ብሎ አራሚዋ ላይ መሪ ተዋናይ ናት ብሎ ሊያስመዘግባት ሞከረ። አራሚዋ እምቢ አለች። ደግማም ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች፦ «በሕይወት ያለች ናት ወይስ የሞተች?»

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«በሕይወት አለች ካልን አጃቢ ናት፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ትደበዝዛለች። ሞታለች ካልን መታሰቢያ ይሆናል። ቀለሙ ይረጋል፤ ወደ ሌላ ቅጂ አትዛመትም፣ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ሁለተኛ አይነካትም። ግን ዓይኗ ይዞራል። ከእንግዲህ እርስዎን አታይም።»

ወይዘሮ ብርቄ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ዕድሩ ድንኳን ሊተክል መጥቶ መልሼዋለሁ» አሉ። «ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ያልቀበርኩትን እንዴት ብዬ እርሜን ላውጣ? ስምንት ዓመት በዚህ ቤት ሞተች የሚል ቃል ማንም እንዲናገር አልፈቀድኩም።»

ይመር ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። «ያደበዘዝኳት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ። በእጄ።»

ቀና ብለው አዩት። «አንተ?»

«እኔ። ወደ ካሜራው እያየች ነበር። ትስቃለች።»

«ትስቃለች?» እጁን ያዙት፤ የተቆጣ ሰው አያያዝ አልነበረም። «እንዴት አድርጋ? አፏን በእጇ ሸፍና ነው? ጥርሷ ይታያል? ንገረኝ እንጂ፣ አንተ አይደለህ ያየሃት!»

ያንን ፊት በፎቶው ላይ ሳይደበዝዝ ያየ በሕይወት ያለ ሰው ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ይመር ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገ። ሻሹ አለ። ሳቁ አለ። ሌላው የለም። ያስታወሰው ዓይኖቿ መሆን በሌለባቸው ቦታ እንደነበሩ ብቻ ነው፤ የተማረው ስህተት ማየት ነዋ።

«አላስታውስም» አለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አላስታውስም።»

እጁን ለቀቁት። ብዙ ጊዜ ሽፋኑን አዩት። ከታች የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል፤ ትምህርት ቤት ተለቋል።

«እንደገና ምስር አክላ ከማያት» አሉ በመጨረሻ፣ «ሌላ ሰው ከሚለውም፣ እኔው ልበለው። ስጠኝ።»

አራሚዋን ሰጣቸው። ወደ አፋቸው አስጠግተው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙ» አለች አራሚዋ።

ይመር ከመድገም ሊያድናቸው አራሚዋን ሊነጥቅ እጁን ዘረጋ፤ ገፉት።

«ሞታለች!» አሉ። «ልጄ አዝመራ ሞታለች!» ከዚያ ስምንት ዓመት የታፈነው ጩኸት ወጣ። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ሮጣ ገብታ ምን ሆኑ ብላ ሳትጠይቅ አቀፈቻቸው፤ የሰፈሩ ሰው ይህን ቀን ሲጠብቅ እንደኖረ ያስታውቃል። ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ሽፋኑ ላይ የልጅቷ ዓይኖች ቀስ እያሉ ወደ ግራ፣ ወደ ስፌቱ ዞሩ። ቀለሙ ረጋ። በከተማው ውስጥ በቀሩት ሁለት መቶ አሥር ሽፋኖች ላይ መሪ ተዋናዩ ወደ ቦታው ተመልሶ ፈገግ አለ።

ጩኸቱ በረድ ሲል ወይዘሮ ብርቄ ተነሱ። ወንበሩን ከጎደጎደው ምንጣፍ ላይ አነሱት፤ ጠረጴዛውን ዞረው ከመጽሔቱ በስተግራ፣ ከስፌቱ ወዲያ አስቀመጡትና ተቀመጡበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙታንን ወደ ስፌቱ ሲያዞር የኖረው ይመር፣ እዚያ በኩል ሰው ሲቀመጥ ያየው ገና ዛሬ ነው።

አራሚዋን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ከጎናቸው ለቅሶ ተቀመጠ።