ቀን የሚተኛው ሕፃን

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ሴትየዋን አውቃታለሁ... የነገረችኝም ራሷ ናት።

የሆነው ባለፈው የካቲት ነው። ማክሰኞ። በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ።

ጨለማ የለም። መብራት አልጠፋም። ለንደን፣ ዊልስደን፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ... በቀን ብርሃን።

ጌጤነሽ እዚያ በጽዳት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። ኤጀንሲው መጀመሪያ ሲልካት እምቢ ልትል ነበር። ጴንጤ ናት፤ እሁድ እሁድ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። ግን ሰዓቱ ተመቻት።

"እኔ የምወለውለው ወለል ነው። ሌላውን አላይም" ብላ ገባች።

እውነትም አታይም ነበር።

ባሏ ዓባይ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። አንድ ቤት ይኖራሉ እንጂ ይገናኛሉ ማለት ይከብዳል። እንደዚህ የሆኑት ደግሞ በሥራ ሰዓት ምክንያት ብቻ አይደለም።

ኪዲ የሚባል ልጅ ነበራቸው።

ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። መራመድ በጀመረ በሳምንቱ ሳል ያዘው። በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ስድስት ዓመት ሆነው። ከቀብሩ ወዲህ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ስሙን የጠራ የለም።

ወደ ቤተ መቅደሱ ልመልሳችሁ።

እዚያ ከሚመለኩት አንዱ ሕፃን ነው። ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው ነው፣ በልጅነቱ። መዳፍ የምታህል የናስ ምስል... በጉልበቱ እየዳኸ አንድ እጁን ያነሳ። የሚንከባከቡት ካንታቤን የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ናቸው።

መንከባከብ ስላችሁ፣ የምር ነው።

ጠዋት ይቀሰቅሱታል። አጥበው ያለብሱታል። ብርድ ሲሆን በገዛ እጃቸው የሠሩለትን ሹራብና ኮፍያ ያደርጉለታል። ያበሉታል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚጢጢ አልጋው ላይ ያስተኙታል፤ ራስጌው ውሃ አስቀምጠው መጋረጃውን ይዘጋሉ። አስር ሰዓት ላይ ደወል ደውለው ያስነሱታል።

እስከዚያ ማንም ድምፅ አያሰማም። ጌጤነሽም የሚጮኸውን የቫኪውም መጥረጊያ አትነካም፤ በመወልወያ ብቻ ነው የምትሠራው።

ሕፃኑ ነቅቶ እያለም ቢሆን መጋረጃው ክፍት አይቆይም። ካንታቤን ይከፍቱታል... ወዲያው ይዘጉታል። አንድ ቀን ጌጤነሽ ጠየቀቻቸው።

"ሰው ሊያየው መጥቶ ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚዘጉበት?"

"ብዙ እንዳያየው።"

"ቢያየውስ?"

ካንታቤን የሚቆርጡትን አበባ አስቀመጡ።

"ድሮ እኛ አገር አንዲት ሴት ልታየው መጣች። በፍቅር አየችው... ዓይኗን ሳትነቅል። እሱም ከመንበሩ ወርዶ ተከትሏት ሄደ።"

ጌጤነሽ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

"ካህናቱ ቤቷ ድረስ ሄደው ለመኑት። አልሰማቸውም። ሴትየዋ ራሷ 'ሂድ' እስክትለው ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሕፃን አይደል? የሚሰማው የሚወዳትን ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው ያ ማክሰኞ የመጣው።

ካንታቤን ሕፃኑን አስተኝተው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አዞረኝ። ሐኪሜ ጋ ደርሼ ልምጣ" አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "አስር ሰዓት ካለፈብኝ ደወሉን ደውይለት።"

"እሺ።"

ተጠጓት። በጆሮዋ ነው የነገሯት።

"መጋረጃውን ግን... አትክፈቺ።"

ወጡ። ጌጤነሽ ከውስጥ ቆለፈች። ብቻዋን ቀረች።

ከበሩ ጀምራ ወደ መንበሩ እየወለወለች ሄደች። ከውጭ የመኪና ድምፅ ይሰማል። እንደ ሁልጊዜው ነው።

ከዚያ...

ሳል።

አንድ ጊዜ። ትንሽዬ፣ ደረቅ ሳል።

ቀጥ አለች። የማሞቂያው ቧንቧ ነው ብላ ራሷን አረጋጋች።

እንደገና ሳለ።

ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

ያንን ሳል ታውቀዋለች። አምስት ሌሊት ቁጭ ብላ ስታዳምጠው አድራለች።

"በኢየሱስ ስም..." አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

ጸጥ አለ።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ልትወጣ ዞረች። ያኔ ነው ከኋላዋ የሆነ ነገር ዱብ ብሎ የወደቀው። ዞር ስትል፣ ከመጋረጃው ሥር የትንሿ ብርድ ልብስ ጫፍ ወጥቶ ይታያል።

ተራግጦ የጣለው ይመስላል።

እዚህ ጋ ስትደርስ ጌጤነሽ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? "አልፈራሁም" አለችኝ። "ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው... ይበርደዋል።"

መጋረጃውን ከፈተችው።

ምስሉ አልጋው ላይ ነው። ካንታቤን አፉ ድረስ ውሃ ሲሞሉት ያየችው ብርጭቆ ግማሽ ሆኗል።

ብርድ ልብሱን አንስታ ልታለብሰው ስትል ጣቷ ነካው። ናስ ነው። የካቲት ነው። አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ምስሉ ግን... ይፋጅ ነበር። ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር።

ከዚያ ዓይኑን አየችው።

ምን ያህል እንዳየችው አታውቅም። "አንድ ደቂቃ ይመስለኛል" ነው የምትለው። ብቻ የገዛ ድምፅዋን ሰማች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠራችውን ስም ስትጠራ።

"ኪዲዬ..."

"ጌጤነሽ!"

ካንታቤን ቁልፋቸውን እንደያዙ ከኋላዋ ቆመዋል። የግድግዳው ሰዓት አስር ከሃያ ይላል፤ መጋረጃውን ስትከፍት ግን ሰባት እንኳ አልሞላም ነበር።

"ለምን ያህል ጊዜ አየሽው?"

"ትንሽ... ትንሽ ነው። ብርድ ልብሱ ወድቆ..."

አልጨረሰችም። ካንታቤን አልፈዋት ምስሉን በሁለት እጃቸው አነሱት። አንዴ ከፍ ዝቅ አደረጉት። 

"በየቀኑ የማነሳው ልጅ ነው። ክብደቱን አውቀዋለሁ" አሉ። "ይኼ ባዶ ነው።"

"ምን ማለት ነው ባዶ?"

"ቤትሽ ማን አለ?"

"ባሌ። ተኝቷል።"

"አሁኑኑ ሂጂ። ሕፃኑን ስታገኚው 'ሂድ' በዪው። እኔ ብለምነው አይሰማኝም።"

"ካላልኩትስ?"

ካንታቤን ምስሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እንደ እናት ነው ያለቀሱት።

ጌጤነሽ ኮቷን በእጇ ይዛ ወጣች።

ባሱ መጣ። ሹፌሩ ሳትጠይቀው ባሱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገላት... የልጅ ጋሪ ለያዙ እንደሚያደርጉት። እሷ ጋሪ አልያዘችም።

ውስጥ አንድ የጃማይካ ሽማግሌ ተነስተው ቦታ ለቀቁላት።

"ተቀመጪ፣ ልጁ እንዳይወድቅ።"

"የምን ልጅ?"

ሽማግሌው አልሰሟትም። ጉልበቷ አጠገብ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ... ገለጡት... ሸፈኑ... ገለጡት። እየሳቁ።

ጌጤነሽ እስክትወርድ ድረስ ወደ ታች አላየችም።

ሐርልስደን ወረደች። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ለምን እንደሆነ የገባት ላይ ስትደርስ ነው። በየደረጃው እየቆመች ነበር የወጣችው... ከኋላዋ የሚመጣ ሰው እንደምትጠብቅ።

በሩን ከፈተች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ መኝታ ቤት ሄደች።

ዓባይ ተኝቷል። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። ዛሬ ወደ በሩ ዞሯል። አንድ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንሶላውን ከፊቱ እንደ ጎጆ አድርጎታል።

"ዓባይ..."

"እሽሽ..." አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ቀስ በዪ። አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደው።"

"ማንን?"

ዓባይ ፈገግ አለ። በእንቅልፍ ልቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ፈገግ ሲል እንዳየችው ማስታወስ አልቻለችም።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ መንዘር ጀመረ። ካንታቤን ናቸው። ጠራ... ቆመ... እንደገና ጠራ።

ጌጤነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ናት። ሁለት ፊደል። ጉሮሮዋ ድረስ መጥታለች።

"ሂ..." አለች።

ዓባይ ክንዱን ወደ ራሱ ሰብሰብ አደረገ፤ አንድ ነገር እንዳይወድቅበት እንደሚጠብቅ ሰው።

ጌጤነሽ አፏን ዘጋች። እጇን ኪሷ ከትታ ስልኩን አጠፋችው። ኮቷን ወንበር ላይ አኖረች። ቀስ ብላ ከአልጋው በወዲያኛው በኩል ጋደም አለች፣ ትንፋሿን ውጣ።

በመሀላቸው ባዶ ቦታ አለ። ክንድ የማይሞላ።

እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንሶላው... ቀስ ብሎ ከፍ አለ።

ዝቅ አለ።

ከፍ አለ።