ካልጠሩት አይገባም

ይህን ተረት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዝናሽን አውቃታለሁ። ማራኪ ሰፈር የተከራየችበትን ክፍልም አውቀዋለሁ። በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ዝናሽ ፀዳ ከተማ ለሚገኝ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ከቤቷ ሆና የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች። ሥራውን የተረከበችው ከወንድሟ ከይበልጣል ነው። እሱ ራሱ የዚያው ክሊኒክ ታካሚ ነበር፤ ከእጥበት ሲመለስ ክንዱ ላይ ሁሌ ጥጥ ይለጠፍበት ነበር። አርባው ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው።

አላለቀሰችም።

ለቀስተኛው «ምነው ልቧ ደነደነ» ብሎ አምቷታል። እሷ ግን ሐዘንም ንዴትም አይሰማትም ነበር። ቤት ቀየረች፣ ሥራዋን ቀጠለች፣ በቃ።

ስልኳ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሄለን ናት።

«ዝናሽ፣ የነገ ታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት አልወጣም። ብደውል ደጋው ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ከዳባት የሚመጡት የዛሬውን ማኪና ካልያዙ ተራቸው ያልፋል። አንድ ቀን ማለፍ ምን እንደሆነ... አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ይበልጣል የሞተው ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ፣ መንገድ ተዘግቶበት የአንድ ቀን እጥበት አልፎት ነው። ያን ቀን ደጋግሞ ደውሎላት ነበር። ጥሪው አልገባም።

የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ክላውድ በሚሉት ላይ ናቸው፣ ባሕር ማዶ፣ በኢንተርኔት የተከራዩ። ነገሩ እንደ ኪራይ ግቢ ነው። ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ፣ መውጫው ግን አንድ በር ነው። ማንም ይውጣ ማን፣ ውጭ የሚታወቀው በበሩ አድራሻ ነው። ከውጭ ደግሞ ከውስጥ የጠራው ከሌለ ማንም አይገባም። ይበልጣል ሲያስተምራት «ካልጠሩት አይገባም» ይላት ነበር።

በሩን ፈተሸችው። ጢም ብሏል።

አንዱ ተከራይ ኮምፒውተር መውጫውን ሁሉ ይዞታል። ይጣራል... መልስ ይጠብቃል... ያኛውን ሳይተው ሌላ ይጣራል። ለታካሚዎቹ መልእክት ቦታ አልተረፈም።

ሌላ በር ጨመረች።

እሱም ወዲያው ሞላ።

የሚጣራው ማን ነው ብላ አድራሻውን አየች። ይበልጣል ሥራ ይሞክርበት የነበረ ትንሽ ሰርቨር ነው፣ ከክላውዱ ኮምፒውተሮች አንዱ። ሰልስቱ እንዳለፈ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች።

ፈለገችው። የለም።

አድራሻውን አገደችው። ጥሪው አልቆመም።

የሚጠራውስ ማንን ነው? ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። የዚህችው ክፍል የኢንተርኔት አድራሻ ነው።

ይበልጣል ይህን ቤት አያውቀውም...

መደንገጥ ነበረባት። አልደነገጠችም።

እናቷ በልጅነቷ «ቀትር ላይ ስምሽን ሰው ቢጠራ፣ ሦስቴ ሳይደግም አቤት እንዳትዪ» ትላት ነበር። የቀትር ጋኔን አይደግምም ይባላል። ይሄኛው ግን ሦስትን ካለፈ ቆይቷል።

ሄለን እንደገና ደወለች። አጠገቧ ታካሚ ስላለ ታንሾካሹካለች።

«ማኪናው ሊወጣ ነው። ከዳባቶቹ አያ አስናቀው ባለፈው ሳምንትም አምልጧቸዋል። ሁለተኛ አይችሉትም።»

«እሺ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልመልስለት ነው።»

«ለማን?»

ስልኩን ዘጋችው። የራሷን ኮምፒውተር ጥሪውን እንዲቀበል ከፈተችው። አፏም ሳታስበው ከእጇ ጋር አብሮ ሠራ።

«አቤት» አለች።

ጥሪው ቆመ። በሩ ባዶ ሆነ። መልእክቶቹ እየተግተለተሉ ወጡ።

«ወጣ! እሰይ፣ ወጣልን!» ብላ ሄለን ጻፈችላት። ዝናሽ አነበበችው። ደስታም አልተሰማትም።

ከውጭ የግቢው በር ተንኳኳ። አከራይዋ እትዬ አባይነሽ ሲነጋገሩ ይሰማታል። ከዚያ ወደ መስኮቷ ጠጋ አሉ።

«ዝናሽ፣ ልጄ፣ እንግዳ አለሽ።»

«ማን ነው?»

«እኔ አላውቀው። ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል፣ ታሞ የከረመ ይመስላል። አላስገባህም ስለው...»

«ምን አለ?»

«አቤት ብላ ጠርታኝ ነው አለ።»

ይበልጣል ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዝናሽ እንባ ወረደ።

«እንግዲህ ግባ ብየዋለሁ» አሉ እትዬ አባይነሽ። ዞር ብለው ግቢውን ቃኙ። «ኧረ... ወዴት ሄደ? አሁን እዚህ አልነበር?»

የክፍሏ በር እንደተቆለፈ ነው።

ከጀርባዋ ያለው አልጋ ሲጥጥ አለ። ቀስ ብላ ዞረች። ፍራሹ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል... ሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ ትንሽ ጥጥ ወድቋል።

ጥጡ ላይ ያለው ደም ገና እርጥብ ነበር።