በሩ ፊት ያሉት ሙዞች

ጸዳለ ሥራዋን የምትጀምረው በማሽተት ነው። ጤነኛ የበሰለ ሙዝ ስኳር ስኳር ይሸታል፣ አንገቱ ላይ የበሰበሰው እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይላል፣ ነጠብጣብ የሚያወጣው ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አይሸትም፤ ነጋዴን የሚሸውደውም እሱ ነው። ሻሸመኔ ዳርቻ ወዳለው የጋሽ ድንቁ የሙዝ መጋዘን በመጣችበት ጠዋትም ደጁ ላይ ቆማ አየሩን ሳበች። ጣፋጭ ነገር፣ ነጭ ጋዝና ውሃ የጠጣ ሲሚንቶ ሸተታት። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች።

«ምች ነው የመታብኝ፣ ዶክተር» አላት ባለመጋዘኑ ከወንበሩ እየተነሣ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሽ ድንቁ። የተክል በሽታ ባለሙያ ነኝ።»

«ለኔ ሙዜን ያዳነ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ልጄ» ብሎ ሳቀ። ሆዱ አብሮት ሳቀ።

እሷም ፈገግ አለችለት፤ እንዴት እንደቻለች እሷ ታውቃለች። የእናቷ ልጅ ማርቆስ እዚህ መጋዘን ሙዝ ሲሸከም ኖሮ አስከሬኑ ወደ አርባ ምንጭ የተላከው በዚህ ሰውዬ ፒክአፕ ነበር፤ «በተኛበት ልቡ ቆመ» ከሚል ቃል ጋር። ሬሳው ሲገነዝ እናታቸው ጣቶቹን አየች፤ ጥፍሮቹ ተፍቀው አልቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ እንግዳ ሲመጣም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም፣ ምግብ ሲቀርብላትም የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ልጄ እንዴት ሞተ?» ጸዳለ መልሱን ከሰውዬው ከራሱ አፍ ሰምታ ልትወስድላት ምላለች። የሙዙ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሲመጣ ለሌላ ባለሙያ ተመርቶ ነበር፤ ለምና ወሰደችው። ከማርቆስ ጋር በአባት ስለማይገናኙ ጋሽ ድንቁ ስሟን ሰምቶ ምንም አልጠረጠረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማብሰያ ክፍሉ መስኮት የለውም። ጥሬው ሙዝ ይገባል፣ የነጭ ጋዝ ምድጃ ይለኮሳል፣ የብረቱ በር ከውጭ ይቀረቀራል፤ ጭሱና ሙቀቱ የቀረውን ሥራ ይሠራሉ። ጸዳለ ክፍሉ እስኪናፈስ ጠብቃ ባትሪዋን አብርታ ስትገባ ጨለማው ከፊቷ ፈቀቅ የሚል ሳይሆን ከኋላዋ የሚከተል መሰላት፤ ከየዘለላው የሚንጠባጠበው ወዝ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሙቀቱ አንገቷ ሥር ይተነፍሳል። አንዱን ፍሬ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጎድጎድ ያለ ጥቁር ጠባሳ፣ መሐሉ ላይ ሮዝ የመሰለ እርጥበት አለው። አንትራክኖስ ነው፣ የታወቀ የፈንገስ በሽታ። ፍሬው ገና ለምለም ሳለ እርሻው ላይ ሰርጎ ይገባና እስኪበስል ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል። ቆዳው ከቆሰለ ግን መተኛትም አያስፈልገውም፤ በቁስሉ ይገባል። ጸዳለ ትዕግሥቱን ሁልጊዜ ታደንቅለታለች።

ያላማራት ቦታው ነበር። ከበሩ ርቆ በክፍሉ ጓዳ ያለው ሙዝ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የታመመው በሩ ፊት ያለው ብቻ ነው። ጠባሳውም እንደ ወትሮው የተበተነ አይደለም። በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ አራቱ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ አንዱ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ብቻውን አለ።

«በሩ ጋ ያለውን ማነው የሚነካካው?»

«ማንም። በሩ አንዴ ከተዘጋ ማን ይገባል?» አለ ጋሽ ድንቁ። ደፍ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፤ ወደ ውስጥ አልገባም። «ሠራተኞቹም እዚያ ጋ አናስቀምጥም ብለዋል» ሲል ጨመረ፣ አሁን ሳይስቅ።

ከታመሙት ጥቂት፣ ለማነጻጸሪያም ከጓዳው አንድ ንጹሕ ፍሬ ይዛ ወዳረፈችበት አልጋ ቤት ሄደች። እርጥብ ሶፍት ባነጠፈችበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ከደነችው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ፈንገስ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ማንነቱን ራሱ ይናገራል።

በማግስቱ ስትነሣ ንጹሑ ፍሬ ንጹሕ አልነበረም። አራት ጎን ለጎን፣ አንድ በወዲያኛው በኩል። ስታስቀምጠው ራሷ ጨምቃው እንደሆነ ብላ ጣቶቿን ጠባሳው ላይ ገጠመች፤ አልሆነም። ምልክቱ ሰፊ ነው፣ የወንድ መዳፍ ነው። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጉም ለብሷል፣ ጉሙ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተጎተቱ መስመሮች አሉ። ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር በጣም በቀስታ ይፍቃል። ልጣጩ ከሥጋው ሲላቀቅ ነው አለች ለራሷ፤ ባለሙያ ናትና ምክንያት አታጣም። መፍራት ነበረባት። ደስ አላት እንጂ አልፈራችም፤ ከሆዷ ሥር የሚነሣ፣ ክፉ ደስታ።

«አለህ?» አለችው ሣጥኑን።

መፋቁ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ማብሰያ ክፍሉ በትእዛዟ ባዶ ሆኖ፣ በበረኪና ታጥቦ ነበር። ምድጃዎቹ ወጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል።

«የበሽታውን ምንጭ አግኝቼዋለሁ» አለችው ጋሽ ድንቁን። «ከበሩ ጀርባ ነው፤ ገብተው ይዩት።»

አመነታ። ኋላ ግን ሴት ልጅ ፊት ፈራ መባሉን አልወደደምና ገባ። ከበሩ ጀርባ ቀለሙ ተፍቆ፣ ተፍቆ፣ ብረቱ አግጦ ይታያል። እሱ ያንን አጎንብሶ ሲያይ ጸዳለ ወጥታ መቀርቀሪያውን ገፋችው።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«ማርቆስ ወንድሜ ነው» አለች በበሩ ስንጥቅ፣ ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ። «እንዴት እንደሞተ ይንገሩኝ፤ ወዲያው እከፍታለሁ።» ከልቧ ነበር። እሳት የሌለበት ክፍል ሰው አይጎዳም፤ የፈለገችው ቃሉን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰደባት፣ ከዚያ ዛተባት። ቀጥሎ ማሳል ጀመረ።

«ምድጃውን ማን ለኮሰው?»

ጸዳለ ዞር ብላ አየች። ምድጃዎቹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ናቸው። አስመሳይ አለችው በሆዷ።

«ማነው እዚህ ውስጥ ያለው? ልጄ፣ በእናትሽ... እሺ፣ እናገራለሁ» አለ፣ ድምፁ ታፍኖ። «ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ። ውስጥ መሆኑን አውቅ ነበር። በሠራተኛው ሁሉ ፊት መልስ መልሶልኝ ነበር፣ ትንሽ ይቀጣ ብዬ ነው። ሙዙም ለበዓል የሚደርስ ነው፣ ከተከፈተ ይበላሻል። በኋላ ማንኳኳቱን ተወ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።»

እንቅልፍ። ጸዳለ መቅጃውን አቆመችና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሰውዬውን ጠላችው፣ ሞቱንም ተመኘች፤ ግን እከፍታለሁ ብላለች፣ ቃሏን አላጠፈችም። መቀርቀሪያውን ሳበችውና በሩን ጎተተች።

መዳፍ የምታሳልፍ ያህል ተከፈተ። በዚያች ክፍተት ውስጥ እሳት ካልነደደበት፣ ከታጠበው ክፍል፣ ትኩስ የነጭ ጋዝ ጭስ ፊቷ ላይ ወጣ። «እጄን ልቀቀኝ» ይላል ጋሽ ድንቁ ከሩቅ፣ ከጓዳው ጥግ፤ የሚለምነው እሷን አይደለም። ከዚያ አራት ጣቶች ከውስጥ በኩል የበሩን ጠርዝ ያዙ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ በሚመስል ቀስታም በሩን ከእጇ ሳቡት።

«እታለም» አላት ማርቆስ ከጨለማው፣ ቤት ውስጥ ነገር ሲያዛት በሚናገርበት በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «በሩን ዝጊው፤ ጭሱ እየወጣ ነው።»

ጸዳለ መቀርቀሪያውን ቀስ አድርጋ መለሰችውና ለእናቷ ደወለች።